ሊሚት በኢንፊኒቲና የፋንክሽን የዳር ጠባይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ለ12ኛ ክፍልና ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ማጠናከሪያ ስንሰጥ፣ ከከዚራም ከሳቢያንም ከመጋላም የሚመጡ ልጆች ስለዚህ ርዕስ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እዚህ ሰብስበን መልሰናቸዋል።

አስቀድመን በምልክት እንግባባ። ደብተራችሁ ላይ ኤክስ የምትሉትን ተለዋዋጭ እዚህ ሸ ብለነዋል፤ ፋንክሽኑ ፈ(ሸ) ነው። ኢ ስንል 2.718… የምትባለዋን ቁጥር ነው። የ^ ምልክት ካያችሁ ቀጥሎ የተጻፈው አርቢ ነው።

ሊሚት በኢንፊኒቲ ሲባል በትክክል ምን ተጠየቅን?

ሸ ያለ ገደብ እያደገ ሲሄድ ፈ(ሸ) ወደ የት ያመራል? ጥያቄው ይኼው ነው። ሸ 10 ሲሆን ወይም 1,000 ሲሆን የሚገኘው ዋጋ ለብቻው አያሳስበንም፤ የምንፈልገው ዋጋዎቹ የሚያመሩበትን ነው። 1/ሸን ውሰዱ። 10 ላይ 0.1፣ 1,000 ላይ 0.001፣ ሚሊዮን ላይ 0.000001 ይሆናል። ዜሮ ላይ አይደርስም፣ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ይጠጋዋል። ሊሚቱ 0 ነው። «ወደ 0 ገደማ» አይባልም፤ ልክ 0 ነው።

«ካልደረሰ እንዴት እኩል ነው ይባላል?» የሚል ተማሪ ጥሩ ጠይቋል። እኩል የተባለው ሊሚቱ ነው እንጂ ፋንክሽኑ አይደለም። 1/ሸ የትም ቦታ ዜሮ አይሆንም፤ የሚጠጋው ቁጥር ግን አንድና የታወቀ ነው።

የዳር ጠባይ ከዚህ ሰፋ ይላል። ግራፉ በቀኝ ዳርና በግራ ዳር ምን እንደሚሆን ይናገራል፦ ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወይም እየተወዛወዘ ይቀራል። ዳሮቹ ሁለት መሆናቸውን አትርሱ። ከምናርማቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ቀኙን ሠርቶ ግራውን «ያው ነው» ብሎ ከማለፍ የሚመጡ ናቸው።

በሸ ቦታ ∞ን መተካት ይቻላል?

አይቻልም፤ ኢንፊኒቲ ቁጥር አይደለም። ምልክቱን ጆን ዋሊስ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በ1655 ለጽሑፍ አመቺ እንዲሆን አስገባው እንጂ፣ በቁጥር መስመር ላይ ቦታ የለውም።

ተክታችሁ ∞/∞ ካገኛችሁና «1 ነው» ካላችሁ ምን እንደሚበላሽ እነሆ። ሸ/ሸ፣ 5ሸ/ሸ፣ ሸ²/ሸ እና ሸ/ሸ² አራቱም ∞/∞ ናቸው። ሊሚታቸው ግን በቅደም ተከተል 1፣ 5፣ ∞ እና 0 ነው። ስለዚህ ∞/∞ መልስ አይደለም፤ «ገና አልተሠራም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ∞ − ∞፣ 0·∞ እና 1^∞ም እንደዚያው ናቸው።

በሌላ በኩል ያለ ክርክር የሚታወቁ አሉ። እያደገ ከሚሄድ ነገር ላይ ቋሚ ቁጥር ብትጨምሩበት ማደጉን አይተውም፤ ሁለት እያደጉ የሚሄዱ ነገሮች ቢባዙ ውጤቱ ያድጋል፤ 7 ያለ ገደብ እያደገ በሚሄድ ነገር ቢካፈል ወደ 0 ይወርዳል። እነዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

«ሸ ወደ ∞ ሲሄድ» እና «ሊሚቱ ∞ ነው» አንድ ናቸው?

አይደሉም። የመጀመሪያው ስለምናስገባው ቁጥር፣ ሁለተኛው ስለሚወጣው ዋጋ ነው። 1/(ሸ−2)² ሸ ወደ 2 ሲጠጋ ወደ ∞ ይተኮሳል፤ ሸ ወደ ∞ ሲሄድ ደግሞ ወደ 0 ይወርዳል። የፊተኛው ቋሚ አሲምፕቶት፣ የኋለኛው አግድም አሲምፕቶት ይሰጣል (አሲምፕቶት ግራፉ እየተጠጋው የሚሄደው መስመር ነው)። «ሊሚቱ ∞ ነው» ብሎ መጻፍ ሊሚት እንደ ቁጥር የለም ማለት ነው፤ የሌለበትንም ምክንያት አብሮ ይናገራል።

ፖሊኖሚያል ላይ መሪውን ተርም (ከፍተኛ አርቢ ያለውን) ብቻ ማየት ለምን ይበቃል? ሌሎቹስ የት ሄዱ?

የትም አልሄዱም፤ ተሸነፉ። 2ሸ³ − 500ሸ²ን ተመልከቱ። ሸ = 100 ሲሆን 2,000,000 − 5,000,000 = −3,000,000 ነው። እዚህ ላይ ያለ ሰው «የሸ² ተርም ነው ጌታው» ቢል አይፈረድበትም። ሸ = 250 ላይ ሁለቱ እኩል ይሆኑና ዜሮ ይመጣል። ሸ = 1,000 ላይ 2,000,000,000 − 500,000,000 = 1,500,000,000 ነው፤ ከዚያ ወዲያ 2ሸ³ን የሚመልሰው የለም። ምክንያቱ በፋክተር ሲጻፍ ይታያል፦

2ሸ³ − 500ሸ² = ሸ³(2 − 500/ሸ)

ቅንፉ ውስጥ ያለው 500/ሸ ወደ 0 ስለሚሄድ ቅንፉ ወደ 2 ይሄዳል፣ ሸ³ ብቻውን ይቀራል። ኮኤፊሸንቱ 500 ይሁን 5 ሚሊዮን፣ ድሉን ያዘገየዋል እንጂ አይቀይረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የመሪው ተርም ዲግሪ ተጋማሽ ከሆነ (2፣ 4፣ 6) ሁለቱ ዳሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ (1፣ 3፣ 5) አንዱ ሽቅብ አንዱ ቁልቁል። ወደ የት እንደሆነ የሚወስነው የመሪው ኮኤፊሸንት ምልክት ነው። ሕጉን በቃል ከመያዝ ይልቅ በሸ ቦታ 1,000 እና −1,000 አስገብቶ የመሪውን ተርም ምልክት ማየት ይሻላል፤ በፈተና ጭንቀት ውስጥ በቃል የተያዘ ይምታታል።

ወጥመዱ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። 7 + 3ሸ − ሸ³ ሲሰጥ ብዙዎች መጀመሪያ የተጻፈውን 7ን ወይም 3ሸን መሪ ያደርጋሉ። መሪው −ሸ³ ነው፦ በቀኝ ይወርዳል፣ በግራ ይወጣል፤ ምክንያቱም −(−1,000)³ ፖዘቲቭ ነው። (2−ሸ)(ሸ+1)²(ሸ−5) ሲሰጥ ደግሞ ማባዛት አያስፈልግም። ከየቅንፉ የሸን ድርሻ ብቻ ሰብስቡ፦ (−ሸ)·ሸ²·ሸ = −ሸ⁴። ሁለቱም ዳር ቁልቁል። 2−ሸ ውስጥ ያለችውን የመቀነስ ምልክት ያላያት ሰው መልሱን ገልብጦ ያገኘዋል፤ እሷን የማያይ ደግሞ ብዙ ነው።

ራሽናል ፋንክሽን (ፖሊኖሚያል በፖሊኖሚያል ሲካፈል) ላይ በምን ላካፍል? በላዕሉ ከፍተኛ ርቢ ወይስ በታህቱ?

በታህቱ። ዓላማው ታህቱን ዜሮ ወዳልሆነ ቁጥር ማድረስ ነው። የላዕሉ ዲግሪ በልጦ በላዕሉ ርቢ ብታካፍሉ ታህቱ ወደ 0 ይሄድና «ቁጥር በዜሮ» ይገጥማችኋል፤ ከዚያ ዜሮው ከፖዘቲቭ በኩል ነው ከኔጌቲቭ በኩል የሚል ሌላ ጣጣ ይመጣል።

አንድ እንሥራ፦ ፈ(ሸ) = (3ሸ² − 5ሸ + 1)/(2ሸ² + 7)። የታህቱ ከፍተኛ ርቢ ሸ² ስለሆነ እያንዳንዱን ተርም፣ ላዕሉንም ታህቱንም፣ በሸ² እናካፍላለን፦

(3 − 5/ሸ + 1/ሸ²)/(2 + 7/ሸ²)

5/ሸ፣ 1/ሸ² እና 7/ሸ² ሁሉም ወደ 0 ይሄዳሉ፤ የቀረው 3/2 = 1.5 ነው። በቁጥር አረጋግጡት፦ 10 ላይ 1.2126፣ 100 ላይ 1.4745፣ 1,000 ላይ 1.4975። ወደ ሊሚቱ እየቀረበ ነው፣ ግን እንዳያችሁት 10 ላይ ገና ሩቅ ነው። «ሸ = 10 ብዬ ብሞክር አይበቃም ወይ?» ለሚለው መልሱ ይኸው።

አንድ ተርም ሳያካፍሉ መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ በተለይ ቋሚው ቁጥር ይረሳል። 7 «ሸ የለበትም» ተብሎ እንዳለ ይቀመጥና መልሱ 3/9 ይሆናል። 7ም ይካፈላል።

ዲግሪዎቹ እኩል ሲሆኑ መልሱ የመሪዎቹ ኮኤፊሸንቶች ጥምርታ ነው። የታህቱ ከበለጠ 0 ነው። የላዕሉ ከበለጠ አግድም አሲምፕቶት የለም፤ ይህ ግን የጥያቄው መጨረሻ አይደለም። ወደ +∞ ነው ወይስ ወደ −∞? መሪዎቹን አካፍሉ፦ (5 − ሸ³)/(2ሸ + 1) በሩቁ እንደ −ሸ²/2 ነው፣ ስለዚህ በሁለቱም ዳር ይወርዳል።

የላዕሉ ዲግሪ በ1 ብቻ ሲበልጥ ግራፉ አንድ ሰያፍ መስመር ይጠጋል። መስመሩ የሚገኘው በረጅም ማካፈል ነው፦

(2ሸ² + 3ሸ − 1)/(ሸ − 2) = 2ሸ + 7 + 13/(ሸ − 2)

ቀሪው 13/(ሸ − 2) ወደ 0 ስለሚሄድ ሰያፉ አሲምፕቶት 2ሸ + 7 ነው። መሪዎቹን ብቻ አካፍሎ «2ሸ ነው» ማለት ወደ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ይበቃል፤ አሲምፕቶቱን ለመስጠት ግን አይበቃም። ግራፉ በሩቁም ከ2ሸ 7 ያህል ይርቃል።

ግራፍ አግድም አሲምፕቶቱን አያቋርጥም ተብለን ተምረናል። ልክ ነው?

ልክ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም የተሰራጨ ስህተት ነው። አሲምፕቶት ስለ ዳር ነው የሚናገረው፤ መሀል ላይ ግራፉ የፈለገውን ያደርጋል። ከላይ የሠራነውን ራሱን ውሰዱና 1.5 ጋር እኩል አድርጉት፦ 3ሸ² − 5ሸ + 1 = 3ሸ² + 10.5። ሸ²ዎቹ ይጣፋሉ፣ −5ሸ = 9.5፣ ሸ = −1.9። እዚያ ላይ ያቋርጠዋል። (ሳይን ሸ)/ሸ ደግሞ አሲምፕቶቱን ቁጥር ለሌለው ጊዜ እያቋረጠ ነው የሚጠጋው።

የማይቋረጠው ቋሚ አሲምፕቶት ነው፤ ራሽናል ፋንክሽን ታህቱ ዜሮ በሆነበት ቦታ ዋጋ ስለሌለው። ግርግሩ የመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው።

ስኩዌር ሩት ሲኖር በግራ ዳር መልሴ ለምን ምልክቱ ይገለበጣል?

√(ሸ²) = ሸ ስለምትሉ ነው። √(ሸ²) የሸ ፍጹም ዋጋ ነው። ሸ = −5 ሲሆን √25 = 5 ነው፣ −5 አይደለም። ስለዚህ ሸ ኔጌቲቭ ሲሆን √(ሸ²) = −ሸ ይሆናል።

√(4ሸ² + 1)/(ሸ − 3)ን እንይ። ወደ +∞ ሲሄድ ላይና ታች በሸ አካፍለን √(4 + 1/ሸ²)/(1 − 3/ሸ) እናገኛለን፤ 2 ነው። ወደ −∞ ሲሄድ ግን ሸን ወደ ሩቱ ውስጥ ለማስገባት ሸ = −√(ሸ²) ብለን መጻፍ አለብን፤ ውጤቱ −√(4 + 1/ሸ²)/(1 − 3/ሸ)፣ ማለትም −2 ነው። ሸ = −1,000 አስገቡ፦ ላዕሉ 2,000.00025፣ ታህቱ −1,003፣ ውጤቱ −1.994። ላዕሉ ሩት ስለሆነ ፖዘቲቭ ነው፣ ታህቱ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቭ መልስ ከየት ይመጣል?

ይህ ምልክት ሁሌም የሚያምታታችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፣ እኛም የምንመርጠው እሱን ነው። ሸ = −ተ ብላችሁ ተኩና ተ ወደ +∞ እንዲሄድ አድርጉ። ፋንክሽኑ √(4ተ² + 1)/(−ተ − 3) ይሆናል። አሁን ተ ፖዘቲቭ ስለሆነ √(ተ²) = ተ ነው፣ መጠንቀቅ አያስፈልግም፤ −2 በቀጥታ ይወጣል።

ከዚህ የምናገኘው ነገር፦ ይህ ፋንክሽን ሁለት አግድም አሲምፕቶቶች አሉት። ራሽናል ፋንክሽን ከአንድ በላይ ሊኖረው አይችልም። ሩት፣ ኤክስፖኔንሻልና አርክታንጀንት ያለባቸው ግን ሁለት ሊኖራቸው ይችላል።

∞ − ∞ ሲመጣ «ይጣፋል፣ 0 ነው» ማለት ምን ችግር አለው?

√(ሸ² + 6ሸ) − ሸ፣ ሸ ወደ +∞ ሲሄድ። ሁለቱም ያድጋሉ፣ ልዩነታቸው ግን ዜሮ አይሆንም። በኮንጁጌቱ (የመሀሉ ምልክት ተቀይሮ፣ √(ሸ² + 6ሸ) + ሸ) ላይና ታች አባዙ፦

6ሸ/(√(ሸ² + 6ሸ) + ሸ)

አሁን ∞/∞ ስለሆነ የምናውቀው መንገድ ይሠራል፤ በሸ ስናካፍል 6/(√(1 + 6/ሸ) + 1) ይሆናል፤ ሊሚቱ 6/2 = 3። 3 ከየት መጣ የሚል ካለ፣ ሸ² + 6ሸ = (ሸ + 3)² − 9 መሆኑን ይመልከት። በሩቁ ያቺ 9 ዋጋ የላትም፤ ሩቱ ሸ + 3ን ያህላል፤ ከዚያ ላይ ሸ ሲቀነስ 3 ይቀራል።

በግራ ዳር ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሸ ኔጌቲቭ ሲሆን «− ሸ» ራሱ ፖዘቲቭ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ፖዘቲቭ ነገሮች ይደመራሉ፣ ውጤቱ +∞ ነው። ኮንጁጌት ለማባዛት ከመሮጣችሁ በፊት በእርግጥ ∞ − ∞ መሆኑን አረጋግጡ።

ካልኩሌተር ላይ ትልቅ ቁጥር አስገብቼ መልሱን ብወስድስ?

ለመፈተሽ ጥሩ ነው፤ ለማረጋገጥ ግን አይሆንም። ከላይ ያለውን √(ሸ² + 6ሸ) − ሸ ሞክሩ፦ 10 ላይ 2.649፣ 100 ላይ 2.956፣ 1,000 ላይ 2.9955 ይሰጣል። ጥሩ ነው። «እንግዲያው በጣም ትልቅ ልውሰድ» ብላችሁ 10²⁰ ስታስገቡ ግን ካልኩሌተሩም ስልኩም በአብዛኛው 0 ይላችኋል። ማሽኑ የሚይዘው የአሃዝ ብዛት የተወሰነ ነው፣ ብዙ ጊዜ 15 ገደማ። ሸ² 10⁴⁰ ሲሆን 6ሸ ከሸ² መሪ አሃዝ ወደ 20 ቦታ ዝቅ ብላ የምትገኝ ጭማሪ ናት፤ ማሽኑ ይጥላታል። ከዚያ √(ሸ²) − ሸ = 0። ቁጥሩ ሲተልቅ መልሱ የሚሻሻል ይመስላል፤ ሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች በሚቀናነሱበት ቦታ ግን ተቃራኒው ነው።

ሌላው ችግር የዝግተኞቹ ነው። ኤልኤን ሸ (መሠረቱ ኢ የሆነው ሎጋሪዝም) 1,000,000 ላይ ገና 13.8 ነው። ሠንጠረዥ ሠርቶ የሚያይ ሰው «15 አካባቢ ይቆማል» ቢል አይገርምም። አይቆምም፤ ወደ ∞ ይሄዳል፣ በዝግታ።

ከኤክስፖኔንሻል፣ ከፖሊኖሚያልና ከሎጋሪዝም ማን ያሸንፋል?

ሸ ወደ +∞ ሲሄድ ኤልኤን ሸ ከማንኛውም ፖዘቲቭ የሸ ርቢ ያንሳል፣ √ሸን ጨምሮ፤ ማንኛውም የሸ ርቢ ደግሞ ከኢ^ሸ ያንሳል። «ማንኛውም» ስንል የምር ነው። ሸ^100ን ከኢ^ሸ ጋር አወዳድሩ። ሸ = 100 ላይ ሸ^100 ባለ 201 አሃዝ ቁጥር ነው፣ ኢ^ሸ ግን ባለ 44 አሃዝ። ሸ = 647 አካባቢ ኢ^ሸ ይደርስበታል። 1,000 ላይ ሸ^100 ባለ 301፣ ኢ^ሸ ባለ 435 አሃዝ ነው። ስለዚህ ሸ^100/ኢ^ሸ ወደ 0 ይሄዳል።

ኤክስፖኔንሻል ላይ ደግሞ ሁለቱ ዳሮች ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ኢ^ሸ በቀኝ ∞፣ በግራ 0 ነው። (3ኢ^ሸ + 1)/(ኢ^ሸ − 2)ን እንይ። በቀኝ ላይና ታች በኢ^ሸ አካፍሉ፦ 3። በግራ ማካፈል አያስፈልግም፤ ኢ^ሸ 0 ስለሚሆን የሚቀረው 1/(−2) ነው። በሁለቱም ዳር 3 ብሎ የሚመልስ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

ሳይን ሸ ሊሚቱ ስንት ነው?

የለውም። በ−1 እና በ1 መካከል ሲመላለስ ይኖራል፣ አንድ ቁጥር ላይ አይረጋም። ወደ ∞ ስለማይሄድ «∞» ማለትም አይቻልም፤ «0 ነው፣ አማካዩ» ማለትም አይቻልም። ሸ·ሳይን ሸም የለውም፤ እየሰፋ ይወዛወዛል። (ሳይን ሸ)/ሸ ግን −1/ሸ እና 1/ሸ መካከል ስለታጠረ፣ ሁለቱም አጥሮች ወደ 0 ስለሚሄዱ፣ 0 ነው። 1 ያላችሁ፣ እሱ ሸ ወደ 0 ሲጠጋ ያለው ሊሚት ነው። አቦ፣ ጥያቄው ላይ ከቀስቱ በስተቀኝ የተጻፈውን ሳታዩ አትጀምሩ!

ሎፒታል ካወቅሁ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልገኛል?

ሎፒታል (ላዕሉንና ታህቱን ለየብቻ ዴሪቬቲቭ ወስዶ የጥምርታቸውን ሊሚት ማየት) ሦስት ቦታ ይጥላችኋል። √(ሸ² + 1)/ሸን ሞክሩ፦ ላይና ታች ዴሪቬቲቭ ስትወስዱ ሸ/√(ሸ² + 1) ይመጣል፣ ማለትም ራሱ ተገልብጦ። እንደገና ስትሠሩ ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ። በሸ ማካፈል በአንድ መስመር 1 ይሰጣል።

(ሸ + ሳይን ሸ)/ሸ ላይ ሎፒታል 1 + ኮሳይን ሸን ይሰጣል፤ እሱ ሊሚት የለውም። «ስለዚህ የለውም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ተሳስታችኋል፤ ሊሚቱ 1 ነው። ሕጉ የሚለው የዴሪቬቲቮቹ ጥምርታ ሊሚት ካለው (ወይም ∞ ከሆነ) ያኛውም ያው ነው የሚል ነው፤ ከሌለው ምንም አይልም።

ሦስተኛው፣ 0/0 ወይም ∞/∞ ሳይሆን መጠቀም ነው። ከላይ ባየነው (3ኢ^ሸ + 1)/(ኢ^ሸ − 2) በግራ ዳር ሎፒታል ብትጠቀሙ 3 ይወጣል፤ ትክክለኛው −1/2 ነው።

የኤፕሲሎን ትርጉሙን በቁጥር ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?

(2ሸ + 1)/(ሸ + 3) ሊሚቱ 2 ነው። ጥያቄው፦ ከ2 ያለው ርቀት ከ0.01 (ኤፕሲሎን የምንለው ይህን ነው) እንዲያንስ ሸ ከስንት መብለጥ አለበት? ልዩነቱን አስሉ፦

2 − (2ሸ + 1)/(ሸ + 3) = 5/(ሸ + 3)

5/(ሸ + 3) < 0.01 የሚሆነው ሸ + 3 > 500፣ ማለትም ሸ > 497 ሲሆን ነው። 497 ላይ ራሱ 995/500 = 1.99፣ ልክ ድንበሩ። 0.001 ብትሉ 4,997 ይሆናል። በጥቅሉ ሸ > 5/ኤፕሲሎን − 3። የትኛውንም ጥቃቅን ኤፕሲሎን ብትሰጡን ድንበሩን ልንነግራችሁ መቻላችን፣ ከድንበሩ በኋላም አንድም ሸ አለመውጣቱ፣ ሊሚት የሚባለው ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መጠጋት አይበቃም፤ ሳይን ሸም 0ን ደጋግሞ ይነካል።

ነ ወደ ∞ ሲሄድ (1 + 1/ነ)^ነ ለምን 1 አይሆንም? ቅንፉ 1 ነው፣ 1 በምንም ቢነሳ 1 ነው።

ቅንፉ 1 አይደለም፤ ከ1 ትንሽ ይበልጣል፣ ያቺ ትንሽ ደግሞ ነ ጊዜ ትባዛለች። 10 ላይ 2.5937፣ 100 ላይ 2.7048፣ 1,000 ላይ 2.7169፤ ሊሚቱ ኢ ነው። ውስጡን ቀድሞ ወደ 1 ወስዶ አርቢውን እስከዚያ ማቆየት አይፈቀድም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ።

ከፈተና ውጭ የት ይገኛል?

ሳቢያን ላይ ብሎኬት ማምረት የጀመረ ሰው ለማሽን 180,000 ብር አውጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ብሎኬት በሲሚንቶ፣ በአሸዋና በጉልበት 24 ብር ቢያወጣ (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው)፣ የአንዱ ብሎኬት አማካይ ወጪ 24 + 180,000/ነ ነው (ነ የብሎኬቶቹ ብዛት)። 1,000 ሲያመርት 204 ብር፣ 10,000 ሲያመርት 42፣ 100,000 ሲያመርት 25.80። አግድም አሲምፕቶቱ 24 ነው፤ የቱንም ያህል ቢያመርት ሳይከስር በ23 ብር ሊሸጥ አይችልም።

የሻይ መቀዝቀዝም አለ። ድሬ ላይ አየሩ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀትር 90 ዲግሪ የነበረ ሻይ ሙቀቱ 32 + 58·ኢ^(−0.05ደ) ቢሆን (ደ በደቂቃ)፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 53.3፣ ከ60 በኋላ 34.9፣ ከ120 በኋላ 32.1 ይሆናል። ሊሚቱ የአየሩ ሙቀት ነው። ሐረር ላይ በ20 ዲግሪ አየር ሥሩት ብንል የሚቀየረው 32 ወደ 20 እና 58 ወደ 70 ነው። 58ን ሳይነኩ 32ን ብቻ የሚቀይሩ አሉ፤ ያኔ ሻዩ በ0 ደቂቃ 78 ዲግሪ ሆኖ ይጀምራል። እዚህ የግራ ዳር ትርጉም የለውም፣ ጊዜ ከ0 ስለሚጀምር፤ በወረቀት ላይ ብትሠሩት ወደ ∞ ይወጣል።

መልሴ ትክክል ሆኖ ነጥብ የሚቀነስብኝ ለምንድን ነው?

በምርጫ ፈተና ላይ አይቀነስም፤ በክፍል ፈተናና በዩኒቨርሲቲ ግን ሥራው ይታያል። ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። ሊሚት የሚለውን ምልክት ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ መጣል፦ (3 − 5/ሸ)/(2 + 7/ሸ²) = 3/2 ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፣ ሊሚታቸው ነው እኩል የሆነው። ምልክቱን እስከምትተኩበት መስመር ድረስ ያዙት፣ ከተካችሁ በኋላ ጣሉት። ሁለተኛው «= ∞/∞ = …» ብሎ እንደ እርምጃ መጻፍ ነው፤ ዓይነቱን ለመግለጽ ከፈለጋችሁ በዳር በእርሳስ ጻፉት። ሦስተኛው አሲምፕቶት ሲጠየቅ «3/2» ብሎ መመለስ ነው። አሲምፕቶት መስመር ነው፤ ፈ(ሸ)ን ዋይ ካላችሁት መልሱ «ዋይ = 3/2» ተብሎ በእኩልታ ይጻፋል።